ሜሎን በአራት ኪሎ ግቢ፦ ንቡን አትጠብቁ

አዲስ አበባ ላይ ሜሎን አይሆንም የሚል ሰው ግማሽ እውነት አለው። ገበያ የምናገኘው ሜሎንና ሐብሐብ ከሞቃት አገር ነው የሚመጣው። ዝዋይ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እኛ አራት ኪሎ ላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ተቀምጠናል። ቀኑ ምንም አይልም፣ ፀሐያችን አናት ትበሳለች። ችግሩ ሌሊቱ ነው። ብርዱ ሲጠና ሜሎን እድገቱን ቀጥ ያደርጋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሙቀት መሻማት አለባችሁ። ቀጥሎ አበባውን በእጃችሁ ማዳቀል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ይወጣዋል፣ ሁለተኛውን ግን ከነጭራሹ አያውቀውም። ሐረጉ ግቢውን ይሞላል፣ አበባው ቢጫ በቢጫ ይሆናል፣ ፍሬ የሚባል ነገር ግን የለም። እኔ ፀጉር ቤት ነው የምሠራው፣ ካስክ ሥር የተቀመጠች ደንበኛ ሁሉ የጓሮዋን ጉድ ትነግረኛለች። «ወንዱን ነው መሰለኝ የዘራሁት» ያለችኝ አለች። ወንድ ብቻ የሆነ ሜሎን የለም፣ እህቴ። አንዱ ተክል ላይ ሁለቱም አሉ፣ የሚያገናኛቸው ጠፍቶ ነው።

ከጊዜው እንጀምር። ጥምቀት ሳይደርስ ዘሩ አፈር ውስጥ ቢሆን ደስ ይለኛል። እንዲህ ከሆነ አበባው መጋቢት ላይ፣ ከተማው ሞቅ ሲል ይደርሳል። ፍሬው ደግሞ ክረምቱ ሳይገባ፣ ግንቦት ላይ ይበስላል። ሰኔ ከገባ በኋላ ያለው ዝናብና ደመና ለሜሎን አይሆንም። ጣዕሙም ውሃ ውሃ ይላል።

ዘሩን መሬት ላይ አትዝሩት። የእርጎ ኩባያ ወይም የተቆረጠ ሃይላንድ ታቹን ብሱና አፈር ሙሉበት። ዘሩን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ቅበሩት። ለመብቀል የሚፈልገው ሙቀት ነው፣ 25 ዲግሪና ከዚያ በላይ ቢያገኝ አይጠላም። እኔ እንጀራ ተጋግሮ ምጣዱ ከጠፋ በኋላ ኩባያዎቹን አጠገቡ አሳድራቸዋለሁ። በሌላው ቀን ፍሪጅ አናት ላይ ይወጣሉ። ብቅ ሲል ግን ወዲያው ወደ ብርሃን ነው። ጨለማ ውስጥ ከቆየ አንገቱ ቀጥኖ ይወድቃል።

ሦስት አራት ቅጠል ሲያወጣ አዛውሩት። የሜሎን ሥር መነካካት አይወድም፣ ስለዚህ አፈሩን ሳትበትኑ ከነጓሉ ነው የምታወጡት። መሬት ከሌላችሁ 20 ሊትር ጀሪካን አናቱን ቆርጣችሁ፣ ታቹን በጋለ ብረት በስታችሁ መጠቀም ትችላላችሁ። አንድ ጀሪካን፣ አንድ ተክል። ሁለት ልትከትቱ ስትሉ እጃችሁን ሰብስቡ። አፈሩ ከግማሽ የማያንስ ጥሩ አፈር፣ የቀረው በደንብ የበሰለ ኮምፖስትና ትንሽ አሸዋ ይሁን። ትኩስ ፍግ ሥሩን ያቃጥለዋል።

ቦታው ከሁሉ ይበልጣል። እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ፀሐይ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ነው የምትሄደው። ስለዚህ ፊቱ ወደ ደቡብ የዞረ ግንብ ፈልጉ። እኛ ሰፈር ሆናችሁ ወደ መስቀል አደባባይ የሚያይ ማለት ነው። የድንጋይ አጥር ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልሳል። ቆርቆሮ ግን ቶሎ ሞቆ ቶሎ ይቀዘቅዛል። በተረፈ ሃይላንዶችን ውሃ ሞልታችሁ፣ ጥቁር ቀለም ቀብታችሁ ከግንዱ ዙሪያ ደርድሩ። ማታ ቀርከሃ ወይም ሽቦ አጉብጣችሁ በላዩ ነጭ ላስቲክ አልብሱት፣ ጠዋት ግለጡት። ላስቲኩ የበልጉ በረዶ ሲመጣም ይጠቅማል።

ዋናው ግንድ አራት አምስት ቅጠል ሲይዝ ጫፉን በጥፍራችሁ ቁረጡት። የሚያሳዝን ይመስላል፣ ግን ሴቴዎቹ አበቦች በብዛት የሚወጡት የጎን ቅርንጫፎቹ ላይ ነው። ሐብሐብ ከሆነ አትቁረጡት፣ እሱ ዋናው ሐረግ ላይም ያፈራል።

አሁን ወደ አበባው። መጀመሪያ የሚመጡት ወንዴዎቹ ናቸው፣ አንዳንዴ ሴቴዎቹን በሳምንትና ከዚያ በላይ ይቀድማሉ። እነዚህ ረግፈው ስታዩ አትደንግጡ፣ ሥራቸው እሱ ነው። ወንዴው ቀጭን አንገት ላይ የቆመ ተራ ቢጫ አበባ ነው። ሴቴዋን ከፔታሏ፣ ከቢጫው የአበባ ቅጠል ሥር እዩዋት። ባቄላ የምታህል፣ በስስ ፀጉር የተሸፈነች አረንጓዴ እንቡጥ ተሸክማለች። የነገው ሜሎን እሷ ናት። አበባዋን ወደ ውስጥ ብታዩ መሃል ላይ በሦስት የተከፈለ፣ የሚያብረቀርቅና የሚያጣብቅ አናት አለ። የወንዴው ቢጫ ዱቄት ማረፍ ያለበት እዚያ ላይ ነው፣ ማዳቀል የምለው ይህንን ነው። ብዙዎቹ የሜሎን ዓይነቶች ላይ ሴቴ የምንላት አበባ የራሷ ዱቄትም አላት። ግን ዱቄቱ ተጣባቂ ስለሆነ በነፋስ አይሄድላትም፣ የሚነካካት ይፈልጋል።

ይህን ሥራ ንብ ትሠራ ነበር። መሃል ከተማ ላይ ግን ንቧ እንደ ዕድላችሁ ናት። አንድ ቀን ትመጣለች፣ ሦስት ቀን ትጠፋለች። አበባዋ ደግሞ አትጠብቅም። ጠዋት ትከፈታለች፣ ከሰዓት ትዘጋለች፣ በቃ። ነገ ሌላ ዕድል የላትም።

ሰዓቱ እዚህ ላይ ነው የሚወስነው። ሌሊቱ ስለሚበርድ አበባዎቻችን ቶሎ አይነቁም። ፀሐይ ግንቡን ሞቅ እስክታደርገው ጠብቁ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ያለው ጥሩ ነው። እኔ የመጀመሪያዋ ደንበኛ ከመምጣቷ በፊት ጨርሼ እገባለሁ።

በዚያው ጠዋት የተከፈተ ወንዴ አበባ ቁረጡ። ጣታችሁን መሃሉ ላይ ነካ አድርጉ፤ ቢጫ ዱቄት ከያዘላችሁ ደርሷል። ካልያዘ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ፔታሎቹን ወደ ኋላ ላጧቸው፣ ዱቄት ያለበት አናት ብቻውን ይቀራል። ያንን እንደ ሊፕስቲክ ይዛችሁ የሴቴዋን ሦስቱንም ክፍል ቀስ አድርጋችሁ ቀቡ። ቀስ! ከተጫናችሁ ትቆስላለች። ሦስቱንም የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። አንዱ ጎን ዱቄት ካላገኘ ፍሬው በዚያ በኩል ዘር ስለማይይዝ ተንጋዶ ያድጋል። አንድ ወንዴ ለሁለት ሦስት ሴቴ ይበቃል። የመኳኳያ ብሩሽ የሚጠቀሙ አሉ፣ ይሠራል። ግን ግማሹ ዱቄት ብሩሹ ላይ ይቀራል፣ እኔ ወንዴውን ራሱን እመርጣለሁ።

ዝናብ ካረጠበው ዱቄቱ አይረባም። ሰማዩ ከጠቆረ ላስቲኩን መልሱበት።

የነካችኋት አበባ አንገት ላይ ባለ ቀለም ክር ለቀቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ቀኑን ጻፉ፣ በኋላ መብሰሉን ለመገመት ይረዳል። በጥቂት ቀን ውስጥ መልሱን ታዩታላችሁ። ከያዘላት እንቡጧ ታብጣለች፣ አንገቷን ትደፋለች። ካልያዘላት ቢጫ ሆና ትወድቃለች። ጥቂቶቹን ተክሉ ራሱ ይጥላቸዋል፣ ሁሉንም ማሳደግ አይችልማ።

ጎረቤቴ እማማ በዚህ ሰሞን ሁሌ የምትለኝ አለ። «ልጄ፣ ዱባዬ ሜሎንሽን እንዳያበላሽብሽ።» እኔም «አይ እማማ፣ እነሱ ጎረቤት ናቸው እንጂ አይጋቡም» እላታለሁ። ዱባም ሆነ ኪያር ከሜሎን ጋር አይዳቀልም። ሁለት ዓይነት ሜሎን ጎን ለጎን ከተከላችሁ ይዳቀላሉ፣ ያም ቢሆን የዘንድሮውን ፍሬ ጣዕም አይለውጠውም። ለውጡ የሚታየው ከዘሩ በሚበቅለው ላይ ነው። ዘር ማስቀረት የምትፈልጉ፣ ነገ የምትከፈተዋን ሴቴና አንድ ወንዴ ዛሬ ማታ ጫፋቸውን በፀጉር መያዣ ያዙ። ጠዋት ፈታችሁ አዳቅሏት፣ ሴቴዋን መልሳችሁ ያዟት። የፋብሪካ ድቅል ዘር ከሆነ ግን አትልፉ፣ ልጁ እናቱን አይመስልም።

ፍሬው ከያዘ በኋላ ጨከን በሉ። ለአንድ ጀሪካን ሁለት ፍሬ ይበቃል። ስኳሩ ከቅጠሉ ነው የሚመጣው። አምስት ፍሬ ካስቀራችሁ አምስት ጣዕም የሌለው ነገር ትበላላችሁ። ሐረጉን ሽቦ ወይም ገመድ ላይ ካወጣችሁት ፍሬውን አስደግፉት። ለዚህ እንደ ተተለተለ ስቶኪንግ የሚሆን የለም፤ ከፍሬው ጋር ይለጠጣል፣ አየርም ያስገባል።

ውሃ ሥሩ ላይ ብቻ፣ ጠዋት። ፈረቃው ሰፈራችንን እንደሚያስቸግረን ታውቃላችሁ፣ ስለዚህ ጀሪካኑን አናቱን በጭድ ሸፍኑት፣ እርጥበቱ ይቆያል። ፍሬው መብሰያው ሲቃረብ ውሃውን ቀንሱ። አንዴ አድርቃችሁ አንዴ ብታጥለቀልቁት ፍሬው ይሰነጠቃል። ክሽክሽ ቅጠሉ ሥር ከታየ በሳሙና ውሃ እጠቡት። ቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰ ከመሰለ ደግሞ በሽታ ነው። የታመመውን ቅጠል አውጡና አንድ እጅ ወተት ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር በጥብጣችሁ ፀሐይ ባለበት ርጩበት። ቀድማችሁ ከደረሳችሁበት ይይዘዋል።

መብሰሉን ለማወቅ አትኮርኩሙት፣ ኩርኮማው ለሐብሐብ ነው። ልጣጩ መረብ የለበሰው ሜሎን ከተዳቀለ ከ35 እስከ 45 ቀን ይፈልጋል። የኛ አየር ሲበርድ ከዚያም ይገፋል። አንገቱ ከፍሬው ጋር በሚጋጠምበት ዙሪያ ስንጥቅ ይጀምራል፣ ታቹ ይሸታል። በአውራ ጣት ገፋ ስታደርጉት ሐረጉን ለቆ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ሐብሐብ ግን እንዲህ አይላቀቅም። ከፍሬው አጠገብ ያለው እንደ ክር የተጠቀለለው ነገር ሲደርቅና መሬት የነካው ጎኑ ከነጭ ወደ ቢጫ ሲዞር ቁረጡት።

ሰኔ ሲገባ ሐረጉ ላይ ትንንሽ ፍሬ መቅረቱ አይቀርም። እነሱ አይበስሉም፣ በከንቱ አትጠብቋቸው። ሳይጠነክሩ ልቀሟቸው፣ ላጧቸውና እንደ ኪያር ከቲማቲምና ከቃሪያ ጋር ሰላጣ ውስጥ ክተፏቸው። ሎሚና ጨው ይበቃቸዋል።