እንግዳው «አንደር ዘ ዌዘር» ካላችሁ ጃንጥላ አታቅርቡ

ይህን የምጽፈው ጎንደር ውስጥ ማስጎብኘት ለጀመራችሁ ልጆች ነው። የፋሲል ግቢን ታሪክ በእንግሊዝኛ ታንበለብሉታላችሁ፤ እሱ አያሳስበኝም። ችግሩ ጠዋት ሆቴል በር ላይ ነው። እንግዳው ፊቱ ገርጥቶ ይወጣና «አይም ፊሊንግ ኤ ቢት አንደር ዘ ዌዘር» ይላል። ይሄኔ «ዌዘር» (የአየር ጠባይ) የሚለውን ብቻ ሰምቶ ሮጦ ጃንጥላ ያመጣ አስጎብኚ አውቃለሁ። ሰውዬው ግን «ትንሽ አሞኛል» ማለቱ ነው።

የሚባለው ለቀላል ሕመም ነው። ጉንፋን፣ ራስ ምታት፣ ድካም፣ የሆድ መረበሽ። ማታ አዝማሪ ቤት ጠጅ ያበዛም ጠዋት በዚሁ ይሸፍናታል፤ እሱን እንዳላወቃችሁ ሆናችሁ እለፉት። ለከባድ በሽታ ግን አይሆንም። ካንሰር ስለያዘው ሰው እንዲህ ብትሉ እንደ ቀልድ ይቆጠርባችኋል።

ራሳችሁም ተጠቀሙበት። ሥራ ለመቅረት «ሶሪ፣ አይም ኤ ቢት አንደር ዘ ዌዘር ቱደይ» ብሎ ለአለቃ መላክ ይበቃል። የሆዳችሁን ነገር መዘርዘር አያስፈልግም። እንግዳው ሲደክም ካያችሁትም «አር ዩ ፊሊንግ አንደር ዘ ዌዘር?» ብላችሁ ጠይቁት። ጨዋ አነጋገር ነው።

ከሁሉ በላይ ግን በ«ኤ ቢት» አትታለሉ። ብዙ እንግሊዞች ሕመማቸውን አሳንሰው ነው የሚናገሩት። ጎንደር ራሷ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። ስሜን ላይ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ወደ ደባርቅ ልትነሱ ስትሉ፣ ይልቁንም ተራራው ላይ እያላችሁ፣ ይህን ቃል ከሰማችሁ ዝም ብላችሁ አትቀጥሉ። ራሱን ያመዋል ወይ? ያቅለሸልሸዋል? ያዞረዋል? ከፍታው ከሆነ ያመመው፣ ሳይሻለው ሽቅብ መውጣት የለም። ከባሰበት ቶሎ ይዛችሁት ውረዱ፣ ሐኪም ጋ አድርሱት። «ነገ ይለቀዋል» አትበሉ።

ሕመሙ ቀላል ከሆነ «ሶሪ ቱ ሂር ዛት» በሉት። እኛ «እግዜር ይማርህ» በምንልበት ቦታ እነሱ «ጌት ዌል ሱን» ይላሉ። ከዚያ ትኩስ ሻይ አስመጡለትና ይረፍ። ብዙው እንግዳ ፕሮግራም ማበላሸቱ ስለሚያሳፍረው፣ እናንተው ቀድማችሁ «ደብረ ብርሃን ሥላሴን ከሰዓት እናየዋለን» በሉት።