በሕፃናት ራዲዮሎጂ ትምህርትና ምርምር መታረም ያለባቸው ስህተቶች

የጥናት ረቂቁን ይዞ የሚመጣን ሬዚደንት (በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም) አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ ልጆቹ ዕድሜ ነው። «ከጨቅላ ጀምሮ እስከ 18 ዓመት ያሉትን በሙሉ» ካለኝ ረቂቁን ሳልገልጠው እመልስለታለሁ። የሦስት ሳምንት ጨቅላንና የ17 ዓመት ወጣትን በአንድ ሠንጠረዥ ደምሮ አማካይ ቢያወጣ የሚያገኘው ቁጥር የትኛውንም ልጅ አይገልጽም። የጨቅላ ልብ በደረት ራጅ ላይ ከደረቱ ወርድ ግማሹን አልፎ እስከ 60 በመቶ ሊይዝ ይችላል፤ ጤነኛ ነው። ያው መጠን በወጣቱ ላይ ከታየ ግን ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል። የሚያስመልሰው የአንድ ወር ሕፃን ከሆነ የጨጓራ መውጫ ጡንቻ መወፈርን፣ የአንድ ዓመት ልጅ ከሆነ አንጀት በአንጀት ውስጥ መግባትን አስቀድመን እናስባለን። ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነማ የአንጀት መጠምዘዝ አለመኖሩ እስኪረጋገጥ ድረስ እንቅልፍ የለም። የዕድሜ ቡድኖች መወሰን ያለባቸው መረጃው ከመሰብሰቡ በፊት ነው። ውጤቱን አይቶ ያማረ ቁጥር እስኪወጣ ድረስ የዕድሜ ወሰኑን ወዲያና ወዲህ ማንሸራተት ምርምር አይባልም።

ዕድሜን መዘንጋት ምን ያህል እንደሚያሳስት በኮቪድ-19 ዓመታት በአደባባይ ታይቷል። የደረት ራጅ አይቶ በሽታውን የሚለይ የኮምፒውተር ሥርዓት ለመሥራት ብዙ ቡድኖች ተሽቀዳደሙ። የኮቪድ ታማሚዎቹ ምስሎች በአብዛኛው የአዋቂዎች ነበሩ። ለማነጻጸሪያ የሚሆን ራጅ ሲፈለግ በቀላሉ የተገኘው ግን በቻይና ጓንግዡ ከተማ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ካሉ ሕፃናት ተሰብስቦ ለማንም ክፍት የተደረገ ስብስብ ነበር። ብዙዎች ከዚያ ወሰዱ፤ ወደ መቶ በመቶ የተጠጋ ውጤት አገኘን የሚሉ ጽሑፎችም ጎረፉ። ለመሆኑ ኮምፒውተሩ የለየው ምንን ነው? በትንሽ ልጅ ደረት ራጅ ላይ የጎድን አጥንቶቹ ጋደም ያሉ ናቸው፤ የላይኛው ክንድ አጥንት ራስ ከግንዱ ጋር ገና አልገጠመም፤ ከልብ በላይ ታይመስ የተባለው፣ በልጅነት ትልቅ የሆነው የበሽታ መከላከያ አካል ሰፊ ጥላውን ይጥላል። ሳንባውን ጨርሶ ሳይመለከት አዋቂን ከሕፃን መለየት የቻለ ሥርዓት ይህን ፈተና በከፍተኛ ማዕረግ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ ግምገማ በጉዳዩ ላይ ካገኛቸው 2,212 ጥናቶች መካከል መመዘኛውን ያለፉትን 62 በዝርዝር መርምሮ፣ ለታማሚ አገልግሎት የሚበቃ አንድም አላገኘም። ከጠቀሳቸው ጉድለቶች አንዱ የሕፃናትን ራጅ ለአዋቂዎች ማነጻጸሪያ ማድረግ ነበር።

ይህን ለማየት የኮምፒውተር ሊቅ መሆን አያሻም ነበር። ከሁለቱ ስብስቦች አሥር አሥር ምስል ጎን ለጎን ቢደረደርለት የትኛውም የሕፃናት ራዲዮሎጂ ባለሙያ ወዲያው «ምን እያደረጋችሁ ነው?» ይል ነበር። የሚያንገበግበኝም ማንም አለመጠየቁ ነው። ስለዚህ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ መሥራት የሚፈልግ ተማሪዬ ስሌቱን ከመጀመሩ በፊት አጠገቤ ተቀምጦ ምስሎቹን ያያል። ሳንባውን በእጁ ሸፍኖ የትኛው ራጅ ከየትኛው ስብስብ እንደመጣ መናገር ከቻለ፣ ኮምፒውተሩም በዚያው አቋራጭ ይሄዳል። የአንድ ልጅ ሁለት ራጆችም አንዱ ለማሠልጠኛ፣ ሌላው ለመፈተኛ እንዳይገቡ፤ የሚከፋፈሉት ልጆቹ እንጂ ምስሎቹ አይደሉም።

ጤነኛው ምን እንደሚመስል ሳያጣሩ በሽታን መፈለግ ከሙያችን ያረጁ ስህተቶች አንዱ ነው፤ ሕፃናት ከፍለውበታል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በድንገት የሞቱ ሕፃናት አስከሬን ሲመረመር ታይመሳቸው ትልቅ ሆኖ ይገኝ ነበር። የገደላቸው እሱ ነው ተባለ። ትልቅ ያሰኘው መለኪያ ግን የተወሰደው በአብዛኛው ለረጅም ጊዜ ታመውና ተጎሳቁለው ከሞቱ ሕፃናት ነበር፤ ታይመስ ደግሞ በሕመምና በምግብ እጥረት ይኮማተራል። ትልቅ የተባለው የጤነኛ ልጅ ታይመስ ነበር። በዚህ የተነሣ ምንም ያልነበረባቸው እጅግ ብዙ ሕፃናት ታይመሱን ለማሳነስ ተብሎ ጨረር ተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ1950 ደግሞ እንዲህ የተደረገላቸው ልጆች ላይ የታይሮይድ ካንሰር መታየቱ ተዘገበ። ይህን ታሪክ ለአዲስ ሬዚደንቶች ሁሉ እነግራቸዋለሁ፤ የማነጻጸሪያ ቡድን በዘፈቀደ ሲመረጥ ምን እንደሚያስከትል ከዚህ አብልጦ የሚያስረዳ የስታቲስቲክስ ምዕራፍ አላጋጠመኝም። ዛሬም ታይመስን ዕጢ ነው ብሎ ሲቲ ስካን የሚያዝ አለ። የጤነኛ ታይመስ ጠርዝ በጎድን አጥንቶቹ ልክ ሞገድ እየሠራ ይወርዳል፤ የአየር ቧንቧውንም ሆነ የደም ሥሮቹን አይገፋም። ጥርጣሬ ከቀረ አልትራሳውንድ ይቅደም።

የእጅ ራጅ አይተን የአጥንት ዕድሜ የምንገምትበት የግሮይሊችና የፓይል አትላስም ምስሎቹ የተገኙት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከነበሩ፣ ኑሯቸው ከተደላደለ ነጭ ቤተሰቦች ልጆች ነው። አትላሱ ይጠቅማል፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። የሌላ ሕዝብ ልጆች ከእነዚያ ስለተለዩ ብቻ «የዕድገት መዘግየት ተገኘ» ብሎ መደምደም ግን አይቻልም።

በማስተማሩ በኩል የማየው ትልቁ ስህተት ብርቅዬ በሽታዎችን ማሳደድ ነው። በሥራ ዘመኑ አንዴ እንኳ የማያገኘውን የአጥንት በሽታ ስም ከነዘሩ የሚጠራ ተማሪ የልጅ ክርን ሲቀርብለት ይደነጋገራል። በክርን ላይ ስድስት የአጥንት ማዕከሎች (አጥንት መሠራት የሚጀምርባቸው ነጥቦች) በግምት በ1፣ በ3፣ በ5፣ በ7፣ በ9 እና በ11 ዓመት ተራ በተራ ብቅ ይላሉ። ዓመቱ ከልጅ ልጅ ቢለያይም ተራው እምብዛም አይዛነፍም። በአንድ ሌሊት ተረኝነት የወደቀች የስምንት ዓመት ልጅ ራጅ ቀረበልን። ሬዚደንቱ ስብራት አልታየውም፤ አራተኛው ማዕከል፣ ማለትም ትሮክሊያ፣ በቦታው እንዳለ ጠቆመኝ። «ሦስተኛውስ የታል?» አልኩት። ከክርኗ የውስጥ ጎን መኖር የነበረበት ሦስተኛው ማዕከል የለም። ሦስተኛው ሳይወጣ አራተኛው ከታየ መጠርጠር ግድ ነው፤ ትሮክሊያ የመሰለውም ከቦታው ተገንጥሎ መገጣጠሚያው ውስጥ የተሸጎጠው ሦስተኛው ማዕከል ሆኖ ተገኘ። ልጅቷ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ሬዚደንቱ እኮ ቅደም ተከተሉን በቃሉ ያውቀዋል! ያላስለመድነው በምስሉ ላይ ጣቱን እያስቀመጠ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ መቁጠርን ነው። አስተማሪዎች ሆይ፣ የጤነኛ ልጆችን ራጅ በየዕድሜው ደርድራችሁ አስቆጥሯቸው።

ጨረርን በሚመለከት አንዱ ይሸበራል፣ ሌላው ቸል ይላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የብሪታንያ ጥናት በልጅነት በሲቲ ስካን የተጠራቀመ 50 ሚሊግሬይ ገደማ ጨረር የሉኪሚያን (የደም ካንሰርን) ስጋት ወደ ሦስት እጥፍ ሊያደርስ እንደሚችል ገልጿል። ይህን ብቻ የሰማ ወላጅ አስፈላጊውን ምርመራ እምቢ ሊል ይችላል። ያው ጥናት ከ10 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ ከሚደረግ 10,000 የጭንቅላት ሲቲ ስካን በቀጣዮቹ አሥር ዓመታት የሚጠበቀው አንድ ተጨማሪ ሉኪሚያና አንድ ተጨማሪ የአንጎል ዕጢ መሆኑንም ገምቷል። ሁለቱን ቁጥሮች አብራችሁ ተናገሩ። ቸልተኛው ደግሞ ልጁን ለአዋቂ በተዘጋጀ የጨረር መጠን ያነሣል፤ ለልጆች የሚሰጠው ጨረር በልካቸው እንዲቀነስ የሚቀሰቅሰው «ኢሜጅ ጀንትሊ» የተባለው ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ2008 ከተጀመረ በኋላ ለዚህ ሰበብ የለውም። የመራቢያ አካልን በእርሳስ መሸፈን ግዴታ ነው የሚለውን የድሮ ማስታወሻም አርሙት፤ ሽፋኑ መታየት ያለበትን ሊጋርድ፣ በራሱ የሚመጥነውንም መሣሪያ ጨረር እንዲጨምር ሊያደርግ ስለሚችል፣ የአሜሪካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 የዘወትር አጠቃቀሙ እንዲቀር መክሯል።

«ሁለት አንባቢዎች 90 በመቶ ተስማሙ» ብላችሁ አታቅርቡልኝ። ከመቶ ራጅ 95ቱ ጤነኛ ከሆኑ፣ ሁለት ሰዎች ምስሉን ሳያዩ ከመቶው 95ቱን በዘፈቀደ «ጤነኛ» ቢሉም በዚያው ልክ ይስማማሉ። በአጋጣሚ የሚገኘውን ስምምነት ቀንሶ የሚለካው ካፓ ይሰላ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ይቀረኛል፤ በየጥናቱ የአሠራር ክፍል ተደብቃ የምትቀመጥ ናት፦ «በመነቃነቅ ምክንያት ጥራት የሌላቸው ምስሎች ከጥናቱ ወጥተዋል።» በአዋቂዎች ላይ ይህች ብዙም ላትጎዳ ትችላለች። በልጆች ላይ ግን የሚነቃነቀው ማን ነው? ትንሹ፣ የሚያመው፣ ትንፋሽ ያጠረው፣ የፈራው ነው። እነሱን አውጥቶ የቀረውን መለካት ጸጥ ብለው በተኙት ልጆች ላይ የተገኘን ውጤት ለሁሉም ማልበስ ነው፤ ሐኪሙ ሌሊት የሚገጥመው ደግሞ የወጣውን ልጅ ነው። የወጡትን ልጆች ብዛት፣ ዕድሜና የወጡበትን ምክንያት ከቀሩት ጎን በአንደኛው ሠንጠረዥ አስገቡ። ይህ ሠንጠረዥ የሌለውን ረቂቅ አልፈርምም።