የእጀታ ቀለበትና ቆብ አገጣጠም

የሞረድ ወይም የመሮ እጀታ የሚሰነጠቀው ሁልጊዜ እንጨቱ ስለደከመ አይደለም። ወደ ውስጥ የሚገባው የብረት ጭራ በተመታ ቁጥር እንደ ሽብልቅ ሆኖ እንጨቱን በጅማቱ በኩል ይከፍተዋል። አፉ ላይ የሚጠለቀው ቀለበት ይህን መከፈት ያግዳል፤ የላላ ከሆነ ግን ከጌጥ አያልፍም።

ቀለበቱን ከመዳብ ወይም ከናስ ቧንቧ መቁረጡ ይቀላል። ለመካከለኛ እጀታ የውስጥ ስፋቱ 18፣ ርዝመቱ 15፣ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ይበቃል። በብረት መጋዝ ቀጥ አድርገው ይቁረጡና ጠርዙን በሞረድ ያስተካክሉ። ከውስጥ በኩል የቀረውን ስለታም ትርፍ ሳያነሱ እንዳያልፉ፤ ቀለበቱ ሲገባ እንጨቱን ይልጠዋል፣ ለጊዜው የጠበቀ መስሎ ቆይቶም ይላላል።

እንጨቱ በደንብ የደረቀ ይሁን። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ብረቱ ግን አብሮት አይጠብም።

ከጫፉ 15 ሚሊ ሜትር ለክተው ዙሪያውን በቢላ ይቁረጡ። ከዚያ እስከ ጫፉ ያለውን ክብነቱን ሳያጠፉ ስፋቱን ወደ 18.2 ወይም 18.3 ሚሊ ሜትር ያውርዱት፤ የመጨረሻዎቹን 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ 17.5 ያሹሉ። ቀለበቱን በመዶሻ በቀጥታ አይምቱት፣ ጠንካራ እንጨት ደርበው ቀስ በቀስ ያስገቡት። መሃል ላይ እምቢ ካለ ያውጡትና እንጨቱ ላይ ያብለጨለጨውን ቦታ ብቻ በብርጭቆ ወረቀት ይሹት። በእጅ ተገፍቶ የሚገባ ከሆነ ደግሞ ሙጫ አያድነውም፤ ጫፉን ቆርጦ እንደገና መጀመር ይሻላል። የጭራው ቀዳዳ የሚበሳው ቀለበቱ ከገባ በኋላ ነው፤ አፉ ላይ ሰፋ፣ ወደ ውስጥ ጠበብ ያለ ይሁን።

በመዶሻ የሚመታ መሮ የእጀታው አናት ላይም ቀለበት ይፈልጋል። እዚህ እንጨቱ ከቀለበቱ በላይ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይውጣና በመዶሻ ተቀጥቅጦ ጠርዙ ላይ ይታጠፍ። መዶሻው ማረፍ ያለበት እንጨቱ ላይ ነው። እንጨቱ አልቆ ከብረቱ እኩል ሲሆን ቀለበቱን ወደ ታች አውርደው እንደገና ይቀጥቅጡት።

የምርኩዝ ቆብ ከሆነ የእንጨቱ ጫፍ የቆቡን ወለል መንካቱን ያረጋግጡ። ክፍተት ከቀረ ክብደቱ በሙሉ ቆቡን በያዘው ሚስማር ላይ ስለሚያርፍ ሚስማሩ ይታጠፋል፣ ቀዳዳውም ይሰፋል።