መክሰስ ለመቀነስ ራስን ተጠያቂ ማድረግ፦ ነገሩን የሚያበላሹ ስህተቶች

ሦስቱን ማዕድ በልክ የሚበላ ሰው ክብደቱ ለምን እንደሚጨምር ግራ ሲገባው፣ መልሱ ብዙ ጊዜ በመሃል የምትገባው ነገር ውስጥ ነው። ከሻይ ጋር አንድ ቦምቦሊኖ፣ ስብሰባ ላይ ብስኩት፣ ታክሲ ሲጠበቅ ፓስቲ፣ ማታ ቴሌቪዥን ፊት ኦቾሎኒ። እጅ ታጥቦ ስለማይቀረብላቸው ከምግብ አይቆጠሩም፤ ያልተቆጠረ ነገር ደግሞ ስንት እንደነበረ ስለማይታወቅ መቀነሱም አይታወቅም።

ራስን ተጠያቂ ማድረግ ስንል ሒሳብ መያዝ ማለታችን ነው። እቁብ ለምን እንደሚሠራ ማሰብ ይበቃል፦ መጠኑ የታወቀ ነው፣ ቀኑ የተቆረጠ ነው፣ ሳይጣል ሲቀር ደግሞ የሚያውቅ ሰው አለ። መክሰስ ላይም ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ነው ነገሩ በሁለተኛው ሳምንት የሚፈርሰው።

«እቀንሳለሁ» ብሎ ቁጥር አለመቁረጥ

«ጣፋጭ እተዋለሁ» የሚል ውሳኔ ማታ ላይ ተጠብቆ ይሁን ተጥሶ አይለይም። ማር ጣፋጭ ነው? የልደት ኬክስ? ክርክሩ በገባ ቁጥር የሚያሸንፈው አፍ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ይመረጥ፣ ቁጥር ይሰጠው፣ ለአንድ ሳምንት ይሁን፦ «በሳምንት 3 ለስላሳ»፣ «በቀን 1 የተጠበሰ ነገር»።

ቁጥሩን ከየት እናምጣ? ከራስ። የመጀመሪያዎቹን 7 ቀናት ምንም ሳይቀንሱ መመዝገብ ብቻ ነው። በሳምንት 14 ለስላሳ የሚጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ዜሮ ቢወርድ ብዙም አይቆይም፤ ወደ 10፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ 6 ቢወርድ ግን ይዘልቃል።

ለመነሻ የሚሆን መለኪያ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ምግብና መጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር ከቀኑ ጠቅላላ ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። የማርና የጭማቂ ስኳርም እዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ይህ 50 ግራም ነው፤ ከ5 በመቶ በታች፣ ማለትም 25 ግራም ገደማ፣ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው ይላል። አንድ የ300 ሚሊ ሊትር ኮላ ብዙውን ጊዜ 30 ግራም አካባቢ ስኳር አለው። ለስላሳ የማይነካ ሰው ደግሞ ሻዩን ይቁጠር፦ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ነው፣ በቀን 4 ሻይ በ3 ማንኪያ 48 ግራም ይሆናል። የተቆለለ ማንኪያ ከሆነ ከዚያም ያልፋል። ብስኩት ለመተው ሲታገሉ የሚከርሙ ሰዎች ትልቁን ስኳር ሳያውቁት በብርጭቆ ይጠጡታል፤ እዚያ ከ3 ማንኪያ ወደ 2፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ 1 መውረድ ከሁሉም የቀለለው ቅነሳ ነው።

ማታ ላይ ከትዝታ መጻፍ

መዝገብ ይዘው የከሸፈባቸው ሰዎች የሚጋሩት ስህተት ይህ ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ ቁጭ ብሎ «ዛሬ ምን በላሁ?» ሲባል ሳምቡሳው ይታወሳል፤ ከልጁ ሳህን የተነሳችው ድንች፣ ወጥ ሲሠራ የተቀመሰው፣ ቆሞ የተቆረጠመው ቆሎ አይታወስም። በ1992 እ.ኤ.አ. በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት «ትንሽ እየበላን ክብደት አልቀንስ አለን» የሚሉ ሰዎችን አወዳድሮ ነበር። የመዘገቡት በሳይንሳዊ ዘዴ ከተለካው ጋር ሲተያይ፣ በአማካይ ከበሉት ግማሽ ሊሆን ጥቂት የቀረው ሳይመዘገብ ቀርቷል። ሰዎቹ ሊዋሹ ፈልገው ነው ማለት አይደለም፤ ትዝታ ትንንሹን ነገር ይጥላል።

መፍትሔው ከመጉረስ በፊት መጻፍ ነው። ኪስ የምትገባ ደብተር ወይም የስልክ ማስታወሻ ላይ አራት ነገር ይበቃል፦ ሰዓት፣ ምን፣ ስንት፣ የት ወይም ምን ሲሠራ። እንዲህ፦

ማክሰኞ 4:15፣ ብስኩት፣ 6 ፍሬ፣ ስብሰባ ላይ።
10:20፣ ሳምቡሳ፣ 2፣ ቢሮ በር ላይ ቆሜ። ምሳ 6 ሰዓት ነበር።
ማታ 3:00፣ ኦቾሎኒ፣ «ትንሽ»፣ ፊልም ሳይ።

የመጨረሻው መስመር ዋጋ የለውም፤ «ትንሽ» አይደመርም። መጻፍ ለሚከብደው ሰው ከመብላቱ በፊት ፎቶ ማንሳት ያው ነው፤ ስልኩ ሰዓቱን ራሱ ይይዛል። በነገራችን ላይ ከማንም ማስታወሻ የሚበልጠው መዝገብ የሰፈሩ ሱቅ የዱቤ ደብተር ነው። በዱቤ የሚገዛ ሰው የወሩን ገጽ አንድ ጊዜ ቆጥሮ ቢያይ ብዙ ይማራል።

የመጀመሪያው ሳምንት ሲያልቅ ከሁሉ በፊት መታየት ያለባቸው ሰዓቱና ቦታው ናቸው። ከ12 መስመር 7ቱ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት አካባቢ ከሆኑ፣ ችግሩ ከጣፋጭ ፍቅር ይልቅ የምሳና የእራት ርቀት ነው። 6 ሰዓት ምሳ በልቶ ማታ 2 ሰዓት እራት ለሚበላ ሰው በመሃል 8 ሰዓት አለ። ያ እውነተኛ ረሃብ ነው፣ በቁርጠኝነት አይታለፍም። 9 ሰዓት ተኩል ላይ የታሰበበት መክሰስ ይቀመጥለት፦ ሙዝና አንድ ሲኒ ቆሎ፣ ወይም የተቀቀለ እንቁላል። ቁርስ ዘልሎ «ካሎሪ አተረፍኩ» ማለትም ከዚሁ ይመደባል።

ጠባቂውን አፍ ላይ ማቆም

ብስኩቱ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ በኋላ በቀን 20 ጊዜ «አልበላም» ማለት ያስፈልጋል፤ አንዱ መሸነፉ አይቀርም። ሱቅ ላይ ግን «አልገዛም» የሚባለው አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ሒሳቡ በግዢ ቢያዝ ይቀላል፦ ካርቶን ሳይሆን ነጠላ ፓኬት፣ በዱቤ ሳይሆን በጥሬ ገንዘብ። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ከጅምላ መደብር የሚያመጡት የቺፕስ ካርቶን በነጠላ ሲሰላ ርካሽ ይመስላል፤ እቤት ከገባ በኋላ ግን በሳምንት የሚበላውን የሚወስነው ካርቶኑ ነው። «ለእንግዳ ነው»፣ «ለልጆች ነው» የሚባለውም መመዝገብ አለበት፤ እንግዳው ሲመጣ ሳጥኑ ባዶ ሆኖ የሚገኘው በምክንያት ነው።

ቆሎና ኦቾሎኒ እዚህ ላይ ለብቻቸው መነሳት አለባቸው። መጥፎ ምግብ አይደሉም፣ ከብስኩትም ይሻላሉ። ስህተቱ ከፌስታሉ በቀጥታ መቆርጠም ነው። 100 ግራም ኦቾሎኒ 570 ካሎሪ ገደማ አለው፤ አንድ የቡና ሲኒ፣ እንደ ሲኒው ስፋት 40 ግራም አካባቢ ይይዛል፣ ማለትም ወደ 230 ካሎሪ። ግማሽ ኪሎ ፌስታል ጭን ላይ አስቀምጦ ፊልም የሚያይ ሰው ስንት ሲኒ እንደበላ ሊያውቅ አይችልም። በሲኒ ተለክቶ ይቀዳ፣ ፌስታሉ ታስሮ ወደ ወጥ ቤት ይመለስ፣ ከዚያ ይቀመጥ። ሁለተኛ ሲኒ ከተፈለገ መነሳት ግድ ይሆናል፤ ያቺ መነሳት ናት ቆም ብሎ ለማሰብ ጊዜ የምትሰጠው።

ምስክር አሳስቶ መምረጥ

ብዙ ሰው ለባሉ ወይም ለሚስቱ «ስበላ ካየኸኝ ከልክለኝ»፣ «ከልክይኝ» ይላል። ይህ ምስክሩን ፖሊስ ያደርገዋል። ሳምንት ሳይሞላ ቤቱ ውስጥ ኩርፊያ ይገባል፤ ከዚያ ብስኩት በድብቅ መብላት ይጀመራል፣ በድብቅ የተበላ ደግሞ አይመዘገብም። አብሮ ሳምቡሳ የሚበላ የሥራ ባልደረባም አይሆንም፤ እሱ ራሱ ይቅር ባይ ነው። ልጆችን ጠባቂ ማድረግ ደግሞ ጨርሶ አይመከርም፤ ምግብ የሚደበቅ ነገር ነው ብለው ያድጋሉ።

የሚሻለው በየቀኑ አብሮ የማይበላ፣ የማይቆጣ፣ የማይረሳ ሰው ነው። ሥራው አንድ ብቻ ነው፦ በተቆረጠ ቀንና ሰዓት ቁጥሩን መጠየቅ። እሑድ ማታ፣ በስልክ መልእክት፦

«የሳምንቱ ስንት ሆነ?»
«9። ከ6 አልፌያለሁ፤ አራቱ የረቡዕ ናቸው።»
«ረቡዕ ምን ነበር?»
«ስልጠና። ቀኑን ሙሉ ብስኩት ፊታችን ነበር።»
«የሚቀጥለው ሳምንትስ አለ?»
«ሐሙስ አለ። ብስኩቱ ከሌለበት ጫፍ እቀመጣለሁ፣ ሙዝ ይዤ እሄዳለሁ።»

በዚህ አለቀ። ምክር የለም፣ «በርቺ» እንኳ አያስፈልግም። ምስክሩ ሁለት ሳምንት ተከታትሎ ከረሳ ሌላ ሰው ይፈለግ፤ ቂም አያስፈልገውም።

ቅጣቱን ዋጋ ማድረግ

«ካለፍኩ 100 ብር ለነዳያን እሰጣለሁ» የሚል ቅጣት ጥሩ ይመስላል፤ ግን መብላቱን ያቀለዋል፣ ምክንያቱም ከበሉ በኋላ ጽድቅ አለ። ይህን የሚመስል ነገር እስራኤል ውስጥ በሃይፋ መዋዕለ ሕፃናት ታይቷል። ልጃቸውን ዘግይተው በሚወስዱ ወላጆች ላይ ትንሽ የገንዘብ ቅጣት ሲጣል የሚዘገዩት በረከቱ፤ ቅጣቱ ሲነሳም ወደ ቀድሞው አልተመለሱም። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ወላጆቹ ቅጣቱን እንደ አገልግሎት ክፍያ ወስደውት ነበር። በማግስቱ ጾም መዋልም ከዚህ አይሻልም፤ 10 ሰዓት ላይ የሚመጣው ረሃብ የባሰ ይሆናል። ቁጥሩን ለሌላ ሰው በግልጽ መናገር ራሱ በቂ ዋጋ ነው።

«ዛሬማ ተበላሽቷል፣ ከሰኞ እጀምራለሁ»

ማክሰኞ የተበላ አንድ ኬክ አንድ ኬክ ነው። እስከ እሑድ የሚበሉት ስድስት ኬኮች ግን የ«ከሰኞ» ናቸው። ለንደን ውስጥ 96 ሰዎችን ተከትሎ አዲስ ልማድ እንዴት እንደሚይዝ ያየ ጥናት፣ አንድ ቀን መዝለል ሒደቱን ያን ያህል እንደማይጎዳ አሳይቷል። ልማዱ እስኪያዝ የወሰደው ጊዜም መካከለኛው 66 ቀን ሲሆን፣ እንደ ሰውና እንደ ልማዱ ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። ስለዚህ «21 ቀን ከቻልኩ በቃኝ» የሚለውም አያስኬድም። የተሳሳተው መስመር ይጻፍ፣ ከሥሩ የሚቀጥለው መስመር ይቀጥል።

ለቡና ቁርስ አለመዘጋጀት

እቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ ፈንድሻው፣ ዳቦው፣ ቆሎው ይዞራል፤ «በልቼ ነው የመጣሁት» የሚለው ማምለጫ ሁለቴ «በሞቴ» ከተባለ አይዘልቅም። እንቢታው ብቻውን ከሆነ ቡና አፍዪዋን ያስቀይማል፤ በሌላ ነገር መካስ አለበት። «እማማ፣ ቡናውን እስከ በረካ እጠጣለሁ፤ ዳቦውን ግን ዛሬ ይተዉልኝ» የሚል ሰው ተቀምጦ ሦስቱንም ከጠጣ የሚቀየም የለም። ስኳሩን ራስ መጨመር ይቻል እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅም አይከፋም። ፈንድሻ ያለ ስኳር ከሆነ ከሁሉም የቀለለው እሱ ነው፣ እፍኝ ይወሰድ።

«የጾም ነው» የሚለውም ያታልላል። ቦምቦሊኖ፣ ሳምቡሳና የጾም ኬክ ወተትና እንቁላል የላቸውም እንጂ ዘይትና ስኳራቸው አልጾመም፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ገደማ ነው።

ሒሳቡ የማይሠራበት ጊዜ

ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም ስኳር የሚያወርዱ አንዳንድ እንክብሎችን የሚወስዱ ሰዎች ሐኪማቸውን ሳያማክሩ መክሰስ አይቁረጡ፤ ስኳራቸው ከመጠን በላይ ሊወርድ ይችላል። ነፍሰ ጡርም እንዲሁ ትጠይቅ። መመዝገቡ ራሱ ጭንቀት የሚያመጣበት፣ ከበላ በኋላ ለማስመለስ የሚሞክር ወይም ቀናት ሳይበላ የሚውል ሰው ደግሞ ደብተሩን ዘግቶ ባለሙያ ያናግር።

ለሌላው ሰው፣ ቁጥሩ ለ4 ሳምንት ተከታታይ ከተጠበቀ በየቀኑ መጻፉ ይቁም፤ በየወሩ አንድ ሳምንት፣ ለምሳሌ ደመወዝ በተከፈለ ማግስት ያለው ሳምንት፣ ይመዝገብ። ብዙ ለስላሳ የሚገዛው ያኔ ነው።