«ኳንተም ነው» ካሏችሁ ምን ትጠይቃላችሁ?

ግንፍሌ ኮንዶሚኒየም ውስጥ «ማሽን የምትሠራው ልጅ» እባላለሁ። ልጅነቱ ካለፈ ቆይቷል፤ ማሽኑ ግን እውነት ነው። አራት ኪሎ ፊዚክስ ተምሬ የሆስፒታል ዕቃ ጥገና ውስጥ ገባሁ። አልትራሳውንድ ወይም የሕመምተኛ ሞኒተር ሲበላሽ ጀርባውን የምፈታው እኔ ነኝ። በዚህ ምክንያት ጎረቤት ሁሉ ደረጃ ላይ ያስቆመኛል። «እንደው እታለም፣ ይሄ ነገር ይሠራል?» ይሄ ነገር የተባለው አንዳንዴ «ኳንተም» የሚሉት የምርመራ ማሽን፣ አንዳንዴ የማግኔት አምባር ነው። አንዳንዴ የቻይና መርፌ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ዋግምት። ለሁሉም የማስበው በአንድ መንገድ ስለሆነ ልጻፈውና ደረጃው ላይ በሰላም እንተላለፍ።

መጀመሪያ «የባህል ነው ወይስ የፈረንጅ?» የሚለውን ጥያቄ ተዉት። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ተከራክሮ ይቀራል። ከየትም ይምጣ፣ ሦስት ነገር ጠይቁ። ሰውነቴ ውስጥ የሚገባው ምንድን ነው? መጠኑ ስንት ነው? ባይሠራ በምን አውቃለሁ?

የወባን መድኃኒት ውሰዱ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ቱ ዩዩ የተባሉ ቻይናዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ የድሮ የቻይና የሕክምና ጽሑፎችን ያገላብጡ ነበር። ከ1,600 ዓመት በፊት የተጻፈ አንድ መመሪያ አርቴሚዥያ የሚባለውን ተክል ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈህ ጨምቀህ ጠጣ ይላል። አፍላው አይልም። እሳቸው እዚህች ላይ ቆሙ። የሚያበላሸው ሙቀቱ ቢሆንስ? መድኃኒቱን ከተክሉ በዝቅተኛ ሙቀት፣ ኤተር በሚባል ቶሎ በሚተን ፈሳሽ ሲያወጡት ሠራ። በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ዛሬ ጋምቤላ ደርሶ ወባ ይዞት የተመለሰ የአዲስ አበባ ሰው የሚውጠው ኮአርተም መነሻው ያ ተክል ነው። ምሥራቅ ነው ምዕራብ? ለኔ ዋናው ነገር አንዱ እንክብል ውስጥ 20 ሚሊግራም አርቴሜተርና 120 ሚሊግራም ሉሜፋንትሪን እንዳለ መታወቁ ነው። የኛ ጭቁኝ የዚያ ተክል የቅርብ ዘመድ ነው። ሽታውን እኔም እወደዋለሁ። ለወባ ብላችሁ ግን ጭቁኝ አፍልታችሁ አትጠጡ።

አሁን ወደ «ኳንተም» ልምጣ፤ ሆዴን የሚያቃጥለው እሱ ነው። አይታችሁት ይሆናል። አንድ ሰው ላፕቶፕ ይከፍታል፣ በገመድ የተያያዘ የብረት ዘንግ ያስይዛችኋል። ደቂቃ እንኳን ሳይሞላ የልብ፣ የጉበት፣ የኩላሊት፣ የአጥንት ውጤት በገጽ በገጽ ይወጣል። ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጎድላችኋል። የጎደለውን የሚሞላው ዱቄት ደግሞ እዚያው ቦርሳው ውስጥ አለ።

አንዱን ፈትቼ አይቻለሁ። ውስጡ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳና ወደ ዘንጉ የሚሄድ ሽቦ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ቢበዛ ቢበዛ መዳፋችሁ ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ ይለካ ይሆናል። ያ ደግሞ እጃችሁ ባላበው ቁጥር ይለዋወጣል። ጉበትን አያይም።

ከሰውየው ጋር መጣላት አያስፈልግም። እንዲህ ፈትኑት። ከመጀመራችሁ በፊት ዕድሜ፣ ቁመትና ክብደት ይጠይቃችኋል አይደል? አንዴ በትክክለኛው አስመዝግቡ። ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱና በሌላ ስም፣ ዕድሜውን 20 ዓመት ጨምራችሁ እንደገና ያዙት። ጉበታችሁ በሻይ ሰዓት አልተቀየረም። ወረቀቱ ከተቀየረ የሚያነበው ያስገባችሁትን ቁጥር ነው። ከተፈቀደላችሁ ደግሞ ዘንጉን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልሉት። ፎጣው የካልሲየም እጥረት ካለበት፣ ተሰናብታችሁ ውጡ።

ደግሞ ኳንተም ፊዚክስ (የአቶምና ከዚያ ያነሱ ነገሮች ፊዚክስ) ሕክምና ውስጥ የለም ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ሞልቷል። የሰውነትን ውስጥ በምስል የሚያሳየው ኤምአርአይ የሚሠራው ሰውነታችን ባለው ውኃና ስብ ውስጥ ያለችውን የሃይድሮጅን ኒውክለስ (የአቶሟን እምብርት) በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ እያናገረ ነው። ግን ለዚያ ስንት ነገር እንደሚያስፈልግ እዩ። የማግኔቱ ጥቅል በፈሳሽ ሂሊየም እስከ 269 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይቀዘቅዛል። ክብደቱ በቶን ነው። ክፍሉ የውጭ ሬዲዮ እንዳይገባበት ግድግዳው በመዳብ ይሸፈናል። ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው ከሰውነት የሚወጣው ምልክት በጣም ደካማ ስለሆነ ነው። በላፕቶፕ ገመድ የሚሠራ ቢሆን ሆስፒታሎች ይህን ሁሉ ገንዘብ ባላወጡ።

የማግኔት አምባርም እዚሁ ይመለሳል። ሻጩ «ደም ውስጥ ብረት አለ፣ ማግኔቱ ይስበዋል» ይላችኋል። ደም ውስጥ ብረት አለ፤ እውነት ነው። ግን ሄሞግሎቢን ውስጥ የታሰረ ብረት እንደ ሚስማር አይሳብም። በብዙ ሆስፒታል ያለው ኤምአርአይ የማግኔቱ ጉልበት 1.5 ቴስላ ነው። ይህ ከመሬት ማግኔት 30,000 ጊዜ ገደማ ይበልጣል። ደም የሚሳብ ቢሆን ከዚያ ክፍል በሰላም የሚወጣ ሰው አይኖርም ነበር። የሚሳበው ሌላ ብረት ነው። ስለዚህ ኤምአርአይ ከታዘዘላችሁ የአንገት መስቀሉን፣ በብረት የተለበጠ ክታቡን፣ የፀጉር ሽቦውን ሁሉ አውልቁ። ልብ ላይ የተተከለ ማሽን ካለ ቀድማችሁ ተናገሩ። አባትየው የቀድሞ ወታደር ከሆኑና ሰውነታቸው ውስጥ የቀረ ፍንጣሪ ካለ፣ እሳቸው ረስተውት ይሆናልና እናንተ ንገሩላቸው።

አልትራሳውንድ ላይ አልቆይም። ጨረር አይደለም፣ ድምፅ ነው። ጄሉ የሚቀባው አየር ድምፁን ስለሚመልሰው ነው። ነፍሰ ጡር ልጃችሁን «ጨረር ይጎዳታል» ብላችሁ አታስቀሩ።

ከኮቪድ ወዲህ ብዙ ቤት ያለችውን የጣት ኦክስሜትር ግን በደንብ ልንገራችሁ። ሁለት ብርሃን ትልካለች፤ አንዱ ቀይ፣ ሌላው ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ። ኦክስጅን የያዘ ደምና ያልያዘ ደም ሁለቱን ብርሃኖች እኩል አይውጡም። ከልዩነቱ ደሙ ስንት በመቶ ኦክስጅን እንደያዘ ታሰላለች። ሐሳቡን በ1970ዎቹ ያመጡት ታኩዎ አዮያጊ የተባሉ ጃፓናዊ መሐንዲስ ናቸው። ስትጠቀሙ ጣቱ ይሙቅ፤ የሐምሌ ብርድ የያዘው ጣት የደም ምት አይሰጣትም። የጥፍር ቀለም ይልቀቅ። ሂና ወይም እንሶስላ ጣቱን ካጠቆረው ያልተቀባ ጣት ፈልጉ። ቁጥሩ እስኪረጋ ቆዩ፤ የመጀመሪያውን አትመኑ።

ቁጥሩን ስታነቡ የቆማችሁበትን አትርሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ኢንተርኔት ላይ ካነበባችሁት ሁለት ሦስት ነጥብ ዝቅ ቢል ጤነኛ ሰው ላይም ያጋጥማል። በሌላ በኩል በ2020 የወጣ የአሜሪካ ጥናት መሣሪያው ጥቁር ሕመምተኞች ላይ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ የሚያነብበት ጊዜ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። እና ሰውየው ትንፋሽ አጥሮት ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ማሽኗ 94 አለች ብላችሁ ቤት አታስተኙት።

ዋግምትና የቻይና ኩባያ፣ ሂጃማም ጨምሩበት፣ በፊዚክስ ዓይን አንድ ናቸው። ቀንዱ ወይም ብርጭቆው ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል፣ ቆዳው ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበጠሳሉ። ክቡ ምልክት እሱ ነው። ጀርባ ቀለል አለኝ የሚል ሰው ብዙ አለ፤ አልከራከረውም። «መጥፎ ደም» ለይቶ የሚስብ ግፊት ግን የለም። የሚያስፈራኝ ደም ለማውጣት ቆዳ የሚበጣበት ምላጭ ነው። «አፍልተነዋል» ይሏችኋል። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሆስፒታል ውስጥ መሣሪያ የሚጸዳው በግፊት ታፍኖ 121 ዲግሪ በደረሰ እንፋሎት ነው። ስለዚህ ምላጩ ፊታችሁ ከአዲስ ማሸጊያ ይውጣ። ቀንዱን በአፉ የሚስብ ሰው ጋ አትሂዱ። ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ከሆነ ጭራሽ ተዉት።

የቻይና መርፌን በተመለከተ በ2007 የታተመ ትልቅ የጀርመን ጥናት እወዳለሁ። ከሺህ በላይ የወገብ ሕመምተኞች ተሳትፈዋል። በትክክለኛው ነጥብ ከተወጉት 47.6 በመቶ ተሻላቸው። ሆን ተብሎ ነጥቡ ባልሆነ ቦታ፣ ላይ ላዩን ከተወጉት 44.2 በመቶ። በተለመደው ሕክምና ደግሞ 27.4 በመቶ። እኔ የምረዳው ነጥቡ የት እንደሆነ ያን ያህል ለውጥ እንደማያመጣ ነው። ተኝቶ፣ ጊዜ ተሰጥቶት፣ ተስፋ አድርጎ መታከም ግን ለወገብ ሕመም ቀላል ነገር አይደለም። የኛ ተመላላሽ ክፍሎች ይህን ቢሰርቁ ደስ ይለኛል። ለወገብ ከሞከራችሁ መርፌው አዲስ ይሁን። ለዕጢ ወይም ለስኳር እንፈውሳለን ካሏችሁ ግን አትቀመጡ።

እናቴ እንጦጦ ማርያም ጸበል ትጠመቃለች። ለእምነት መለኪያ የለኝም፤ ልሥራም አልልም። መድኃኒቷን ግን አታቋርጥም። አቡነ ጳውሎስም በሕይወት ሳሉ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረው ነበር። ስኳር ያለበት ሰው ጾሞ የሚጠመቅ ከሆነ ስለ መድኃኒቱ ሰዓት አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ደግሞ ጸበሉን በጀሪካን የሚጠጣ ከሆነ ይናገር። ለተዳከመ ልብና ኩላሊት የውኃው ብዛት ራሱ ሸክም ነው።

የመጨረሻው ሥራ ሐኪም ፊት ሁሉንም መናገር ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ፤ የወሰደውን ቅጠል የደበቀም ያው ነው። ነጭ ሽንኩርት በብዛት ከደም ማቅጠኛ ጋር አይስማማም። ኮሶ ሲበዛ ዓይን ይጎዳል። አያቶቻችን የሚያጥኑን ግዛዋ ዛሬ «አሽዋጋንዳ» ተብሎ በሚያምር ጠርሙስ በውድ ይሸጣል። ያው ተክል ነው። እንቅልፍ ያመጣል፣ የእንቅርት ሆርሞንን ሊያዛባ ይችላል፣ ጉበት የጎዳባቸው ሰዎችም ተመዝግበዋል። ሐኪሙ ቢቆጡም ንገሯቸው። ስሙ ካልያዘላችሁ በስልክ ፎቶ አንሱና አሳዩ። የጠርሙስ ከሆነ ከፊቱ ይልቅ ጀርባውን አንሱ፤ ሚሊግራሙ የተጻፈው እዚያ ነው።