የቤት ውል ከመፈረማችሁ በፊት ከሥሩ ምን እንዳለ ጠይቁ

ከጎንደር ወጥታችሁ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ግዛት፣ ዴንቨርና አውሮራ የገባችሁ ልጆች፣ ትንሽ እንደሠራችሁ የቤት ጉዳይ መምጣቱ አይቀርም። ኪራይ ይሰለቻል። ሪልተሩ (የቤት ደላላው) ይደውልና ከከተማው ወጣ ብሎ አዲስ የተሠራ፣ ሰፊ፣ ዋጋውም የሚሻል ቤት አለ ይላል። ከጎንደር ደግሞ ቤተሰብ «ቤት ገዛህ ወይ?» እያለ ይወተውታል። እኔ ኮሎራዶ ኖሬ ተመልሼ አሁን ጎንደር ነኝ፤ በቴሌግራም ስለ ቤት የምትጠይቁኝ ብዙ ናችሁ። ስለ ወለዱ፣ ስለ ቅድሚያ ክፍያው፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ትጠይቃላችሁ። አጠገቡ የነዳጅ ጉድጓድ አለ ወይ የሚል ጥያቄ ግን ደርሶኝ አያውቅም። ይህ ያሳስበኛል።

ጎንደር ላይ ቤት ሲገዛ የሚጣራው የታወቀ ነው። ካርታው ንጹሕ ነው? ዕዳ እገዳ የለበትም? ውኃ ይመጣል? ከመሬቱ በታች ስላለው ማዕድን ማንም አያነሳም፤ የመንግሥት ነውና። አሜሪካ ግን የላዩ መሬት የእናንተ ሆኖ ከሥር ያለው ነዳጅ የሌላ ሰው ወይም የኩባንያ ሊሆን ይችላል፣ ያ ባለቤትም ነዳጁን የማውጣት መብት አለው። ኮሎራዶ ውስጥ የቤት ሽያጭ ውል ላይ ይህን የሚያሳውቅ ክፍል አለ። ብዙ ሰው ሳያነበው ይፈርማል። እናንተ አንብቡት፤ ካልገባችሁ የሚያስረዳችሁ ሰው ሳታገኙ አትፈርሙ።

አደጋው ምን እንደሚመስል ለማወቅ የፋየርስቶንን ታሪክ ማየት ይበቃል። ከዴንቨር በስተሰሜን ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እንደዚያው ናቸው) ኤፕሪል 17 ቀን 2017 አንድ ቤት ፈነዳ። ሁለት ሰዎች ቤዝመንት (ምድር ቤት) ውስጥ የውኃ ማሞቂያ እየገጠሙ ነበር፤ ሁለቱም ሞቱ፣ አንዲት ሴት ክፉኛ ቆሰለች። አጠገቡ ያለው የነዳጅ ጉድጓድ የተቆፈረው በ1993 ነው፣ ቤቱ የተሠራው በ2015። በመካከላቸው ያለው ርቀት 54 ሜትር ገደማ ብቻ። የፌዴራል መርማሪዎች ሲያጣሩ፣ ከጉድጓዱ የሚወጣ አንድ ቀጭን ቱቦ፣ አይሠራም ተብሎ የተተወ፣ ቤቱ አጠገብ ተቆርጦ አገኙት፤ ከጉድጓዱ ጋር ያለው ግንኙነት ግን አልተዘጋም ነበር። ጋዙ በአፈር ውስጥ ሰርጎ ቤዝመንቱ ገባ። ቱቦዎቹ በደንብ መዘጋታቸው በሰነድ ሳይረጋገጥ ግንባታ መፈቀዱንም መርማሪዎቹ ከምክንያቶቹ አንዱ አድርገው አስቀምጠውታል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። የወጥ ቤት ጋዝ የሚሸተው ሆን ተብሎ ሽታ ስለሚጨመርበት ነው። በቀጥታ ከጉድጓድ የሚመጣው ያ ሽታ የለውም። ስለዚህ «ቢኖር ይሸተን ነበር» አይሠራም። የዚህ ጋዝ ዋና ክፍል የሆነው ሜቴን ከአየሩ 5 በመቶ ከደረሰ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ደግሞ አዲስ ገቢ የሚከራየው ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ ያገር ልጅ ቤት ቤዝመንት ነው። ስለዚህ ይህ የቤት ገዢ ጣጣ ብቻ አይደለም፤ ተከራይም መጠየቅ አለበት።

«ሕግ አለ አይደል?» ትሉ ይሆናል። አለ። ኮሎራዶ ከ2021 ጀምሮ አዲስ ጉድጓድ ከመኖሪያ ቤት 2,000 ጫማ፣ ማለትም 600 ሜትር ገደማ እንዲርቅ ታዛለች፣ ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩትም። ግን ሕጉ የሚከለክለው ጉድጓዱ ወደ ቤት እንዳይጠጋ ነው። ቤት ወደ ነባር ጉድጓድ ሲጠጋ የሚወስኑት ከተማውና ካውንቲው (የአውራጃው አስተዳደር) ናቸው፣ የሚጠይቁት ርቀትም ብዙ ጊዜ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ለእኔ ትልቁ ቀዳዳ ይህ ነው፤ አዲሶቹ ሰፈሮችም የሚሠሩት በዚሁ ቀዳዳ ነው። ካሊፎርኒያ ለአዲስ ጉድጓድ 3,200 ጫማ ታደርገዋለች። ሎስ አንጀለስ የምትሄዱም ልብ በሉ፤ ሊትል ኢትዮጵያ (የኢትዮጵያውያን ሰፈር) ባለበት በፌርፋክስ መንገድ ወደ ሰሜን ሲኬድ ባለ ቦታ፣ በ1985 ከመሬት የወጣ ሜቴን አንድ የልብስ መደብር አፈንድቶ ከ20 በላይ ሰዎች ቆስለዋል። የከተማው ሥር አሮጌ የነዳጅ ማሳ ነው።

ፍንዳታ ብቻም አይደለም። ከጉድጓዶችና ከታንከሮች የሚወጣው ቤንዚን የሚባለው ኬሚካል (መኪና የምንሞላውን ማለቴ አይደለም) ካንሰር እንደሚያመጣ የታወቀ ነው። ሕፃን ወይም እርጉዝ ላለበት ቤት ይህ ብቻውን ጉድጓድ አጠገብ ያለን ቤት ለመተው በቂ ምክንያት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የኮሎራዶ የነዳጅ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን የጉድጓዶችን ካርታ በነፃ ድረ ገጹ ላይ አስቀምጧል፣ ካሊፎርኒያና ቴክሳስም የየራሳቸው አላቸው። አድራሻውን አስገቡና እዩ። የሚሠራውን ብቻ ሳይሆን የተዘጋውንም እዩ፤ መቼና እንዴት ተዘጋ፣ ቱቦዎቹስ በየት ያልፋሉ ብላችሁ ሻጩንና የከተማውን ፕላን ቢሮ በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል የተባለ ነገር ኋላ ይካዳል። ሪልተሩ ያገራችሁ ልጅ ቢሆንም ይሉኝታ አይያዛችሁ። ጓሮ ጎመንም ሆነ ጌሾ ለመትከል ከመቆፈራችሁ በፊት 811 (ከመቆፈር በፊት የሚደወልበት ቁጥር) ደውሉ፤ መጥተው ቱቦ ያለበትን በነፃ ያመለክቱላችኋል።

አሁን ጉድጓድ አጠገብ የምትኖሩ ከሆነ የሜቴን ማንቂያ (ጋዙ ሲኖር የሚጮህ መሣሪያ) ግዙ። የካርቦን ሞኖክሳይዱ (ከሰል ሲነድ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ) ማንቂያ ሜቴንን አይለይም፣ ሰው ሁለቱን ያምታታል። ሜቴን ቀላል ስለሆነ ማንቂያው ከፍ ብሎ ይሰቀላል። ቤዝመንት ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ ቡና ማፍላትም ይቅር፤ የከሰሉ ጭስ ራሱ የሚገድል ነው።

እናታችሁ ልጅ ልትጠብቅላችሁ ከጎንደር ከመጣች፣ መጀመሪያ ይህን አሳዩዋት። ማንቂያው ከጮኸ መብራት አታብሪ፣ አታጥፊም፣ ቤት ውስጥ ሆነሽ ስልክ አትንኪ፣ ልጁን ይዘሽ ውጪ፣ ከቤቱ ርቀሽ ወደ አደጋ ጊዜው ቁጥር 911 ደውዪ በሏት። እንግሊዝኛ ባትችልም «አማርኛ» ካለች አስተርጓሚ ይፈልጉላታል። አድራሻውን በትልቁ ጽፋችሁ በሩ ላይ ለጥፉላት።