ጓንዡ ለዕቃ ስትሄዱ አንድ ቀን ለከተማዋ ስጡ

የቻይናዋ ጓንዡ ለንግድ የምትመላለሱ፣ እባካችሁ ከገበያና ከሆቴል ውጪ ሳታዩ አትመለሱ። አንድ ቀን ይበቃል።

ጠዋት ከአሮጌው ሰፈር ከሊዋን ጀምሩ። መጀመሪያ ሻይ ቤት ግቡ። ቁርሱ በትንንሽ የቀርከሃ ዕቃ በእንፋሎት በስሎ ይመጣል። ሰው ሻይ ሲቀዳላችሁ ጠረጴዛውን በሁለት ጣት መታ መታ አድርጉ፤ ምስጋና ነው። ማንቆርቆሪያው ባዶ ሲሆን ክዳኑን ገለጥ አድርጋችሁ ተዉት፤ አስተናጋጁ ውሃ ይጨምርላችኋል።

ከዚያ የቼን ቤተሰብ አዳራሽ። ቼን የሚባሉ ቤተሰቦች ገንዘብ አዋጥተው ያሠሩት ነው፤ በ1894 እ.ኤ.አ. ተጠናቀቀ። ቀና ብላችሁ ጣሪያውን እዩት። ከሸክላ የተሠሩ ሰዎችና እንስሳት ጫፉን ሞልተውታል። እኔ አንገቴ እስኪያመኝ ነው የቆምኩት።

ወደ አዲሱ ከተማ በሜትሮ ሂዱ። በመስመር 1 እስከ ቲዩ ሺሉ (Tiyu Xilu) ጣቢያ፣ ከዚያ በመስመር 3 ካንተን ታወር። ማማው 600 ሜትር ነው። ላይ ከመውጣት ይልቅ አመሻሹ ላይ ከወንዙ ዳር ሆኖ መብራቱን ማየት ይበልጣል ባይ ነኝ።

አሊፔይ የሚባለውን የቻይና የክፍያ መተግበሪያ ግን ከአገር ሳትወጡ ስልካችሁ ላይ ጫኑና ቪዛ ካርዳችሁን አያይዙበት። የጉግል ካርታም በቻይና ኔትወርክ ያለ ቪፒኤን (የታገዱ ገጾችን የሚያስከፍት መተግበሪያ) አይሠራም።